ጨው ለምን ይፈጠራል? የአዮናዊ ውሁዶች የኢንታልፒ ዑደት



በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2023) የሱዳን ጦርነት ከመነሳቱ በፊት ካርቱም፣ ጅሬፍ ሰፈር፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ማታ ማታ እናስተምር ነበር። «የገበታ ጨው ለምን ይፈጠራል?» ብለን ስንጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ሶዲየም ኤሌክትሮን መስጠት፣ ክሎሪን ደግሞ መቀበል ስለሚፈልግ ነው።» እኛም በልጅነታችን የተማርነው ይህንኑ ነው። ሂሳቡ ሲሠራ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ግፊት ሳይለወጥ በሚካሄድ ለውጥ የሚገባው ወይም የሚወጣው ሙቀት የኢንታልፒ ለውጥ ይባላል። ሙቀት ከገባ ምልክቱ +፣ ከወጣ − ነው። ሄስ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1840 እንዳስረዳው፣ የለውጡን መጠን የሚወስኑት መነሻውና መድረሻው እንጂ መንገዱ አይደለም። ከጎንደር ተነስቶ ካርቱም የገባ ሰው በመተማና በገዳሪፍ ቢመጣ፣ በሁመራና በከሰላ ቢዞርም፣ በከፍታ የወረደው ያው ከ1,700 ሜትር በላይ ነው። የመንገዱ ድካም ግን አንድ አይደለም፤ ምሳሌያችን እዚያ ላይ ያበቃል።

በጋዝ መልክ የተበታተኑ አዮኖች ተሰብስበው ጠጣር ጨው ሲሆኑ የሚወጣው ኃይል የላቲስ ኃይል ይባላል። ይህን በቀጥታ መለካት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ጀርመናውያኑ ማክስ ቦርንና ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1919 በዙሪያ መንገድ የሚደረስበትን ዘዴ አወጡ። (ሁለቱም የአይሁድ ተወላጆች ስለነበሩ እ.ኤ.አ. በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አገራቸውን ጥለው ወጡ። ሃበር በማግሥቱ ዓመት በስዊስ አገር ባዝል ከተማ ሞተ፤ ቦርን በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተማረ።)

አሁን ለአንድ ሞል ጨው በኪሎ ጁል እናስላ። ጠጣሩን ሶዲየም ጋዝ ለማድረግ +107 ያስፈልጋል። የክሎሪን ሞለኪውል ሁለት አቶም ስላለው፣ የምንፈልገውም አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ሞለኪውሉን ለመበጠስ ከሚያስፈልገው 244 ግማሹን፣ +122ን እንወስዳለን። ከሶዲየም አቶም አንድ ኤሌክትሮን ለመንጠቅ +496 ይወጣል። ክሎሪን ያንን ኤሌክትሮን ሲቀበል −349 ይመልሳል። ድምሩ +376 ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስተውሉ። ሶዲየም ኤሌክትሮኑን በፈቃዱ አልሰጠም፤ 496 አስከፍሎ ነው። ክሎሪን የመለሰው 349 ስለሆነ በኤሌክትሮኑ ልውውጥ ብቻ 147 ዕዳ ገብተናል። ሌላው ወጪ ሲታከልበት ዕዳው 376 ደረሰ። ታዲያ ማን ከፈለው?

ሶዲየምና ክሎሪን በቀጥታ ተዋህደው ጨው ሲሆኑ የሚለካው ለውጥ −411 ነው። ሁለቱ መንገዶች እኩል መሆን ስላለባቸው፣ የላቲስ ኃይል = −411 − 376 = −787 ይሆናል። ዕዳውን ከፍሎ 411 ያተረፈው የተቃራኒ አዮኖች መሳሳብ ነው። ጨው ለመቅለጥ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ያህል ከጠነከረ ውኃ ውስጥ እንዴት ይሟሟል? የውኃ ሞለኪውሎች አዮኖቹን ሲከቡ 783 ያህል ስለሚወጣ ነው። ልዩነቱ +4 ብቻ ነው። ለተቅማጥ በሽተኛ ጨውና ስኳር ስንበጠብጥ ጨው ውኃውን ሲያቀዘቅዝ እጃችን የማይሰማው ለዚህ ነው።

መልመጃ፦ በአፋር፣ ዳሎል አካባቢ የሚገኘው ፖታሽ ፖታሲየም ክሎራይድ አለበት። ፖታሲየምን ጋዝ ለማድረግ +89፣ ኤሌክትሮኑን ለመንጠቅ +419 ያስፈልጋል። ውሁዱ ሲፈጠር −437 ነው። የክሎሪኑን ከላይ ውሰዱ። የላቲስ ኃይሉ ስንት ነው?

መልሱ −718 ነው። −840 ያገኘ ክሎሪኑን ለሁለት አልከፈለም፤ −1416 ያገኘ የ349ን ምልክት ስቷል። ሌላ ቁጥር ያገኘ ደብተሩን ይዞ ይምጣ፣ አብረን እናየዋለን።