ርስት የተነፈገ እጅ

ደቡብ አፍሪካ በ1905 ዓ.ም. ያወጣችው የመሬት ሕግ ጥቁሩን ከርስቱ እንደ ነቀለው ስናነብ ተቆጥተናል። እኛ ግን ደብረ ታቦር ላይ በልጅነታችን በሸክላ ሠሪዋ ደጅ የምናልፈው እየሮጥን ነበር፤ «በዘሯ ቡዳ ናት» ተብለን።

የቤተ እስራኤል ታሪክ ነገሩን ገለበጠብን። በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ይስሐቅ ጊዜ፣ ያልተጠመቀ ርስት አይውረስ ተባለ ይላል ትውፊቱ። መሬት ያጡት ብዙዎች በብረትና በሸክላ ሥራ አደሩ፤ ከሥራውም ጋር ስድቡ ተከተላቸው። ዘር ያልነው ነገር የርስት ጉዳይ ኖሯል!

በ1850ዎቹ ዓ.ም. እዚሁ ጋፋት ላይ መድፍ ለሠሩት አውሮፓውያን አፄ ቴዎድሮስ ክብር ሰጧቸው። ብረቱ ያው ብረት ነው፤ የአገሬው ቀጥቃጭ ግን ቡዳ እንደ ተባለ ቀረ።

ጥምቀት የርስት መለኪያ መደረጉ እኛን የቤተ ክርስቲያን ልጆችን ይከነክነናል።