የመሐንዲስ ብዕር

ከወሎ ሰፈር ወደ ጎተራ ስትወርዱ «ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን» የሚል ማስታወቂያ ሳታዩ አታልፉም። ሲቪያችሁን ያባዛችሁበት ማሽን የአንድ የፓተንት ሠራተኛ የፈጠራ ውጤት ነው።

ቼስተር ካርልሰን የድሃ ልጅ ነበር። ፊዚክስ ተምሮ ቤል ላብራቶሪ በመሐንዲስነት ተቀጠረ፤ ሥራው ሲሰለቸው ወደ ፓተንት ክፍል ተዛወረ። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ከዚያም ተባረረ። ሌላ ድርጅት የፓተንት ክፍል ገብቶ ማታ ማታ ሕግ መማር ጀመረ። የሕግ መጽሐፍ የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ በእጁ ይገለብጥ ነበር። ቀን ቢሮ ውስጥም የሰነድ ቅጂ እጥረት ያስመርረው ነበር። ድካሙ ራሱ ሐሳብ ወለደለትና እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1938 በድኝ በተቀባ የዚንክ ሰሌዳ የመጀመሪያውን ደረቅ ቅጂ አወጣ። ኩባንያዎች ተራ በተራ መለሱት። በዚህ ሐሳብ የተሠራው ማባዣ ማሽን፣ ዜሮክስ 914፣ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው።

እኔን ይበልጥ የሚቆጨኝም የሚያበረታኝም ግን የራሳችን ጤፍ ታሪክ ነው። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። ሰነዱ «ጤፍ የእኔ ነው» አይልም፤ የሚያወራው ስለ «ፎሊንግ ነምበር» ነው፤ ማለትም እህሉ በሚፈጭበት ሰዓት በውስጡ ያለው ስታርች የሚሰባብር ኤንዛይም ምን ያህል እንደሆነ ስለሚያሳይ መለኪያ። ይህን ቁጥር ለመረዳት የምግብ ምህንድስና፣ ቁጥሩ ምን ያህል ገበያ እንደሚያጥር ለማየት ሕግ ያስፈልጋል። የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 የኔዘርላንዱን ፓተንት የፈጠራ ብቃት የለውም ብሎ ዋጋ አሳጣው። እንዲህ ያለውን ሰነድ ገና ሲወጣ አንብቦ «ይህማ እናቶቻችን የሚያውቁት ነው» ብሎ በማስረጃ የሚከራከር ሰው ምነው በብዛት በነበረን!

ያ ሰው እናንተ መሆን ትችላላችሁ፤ መሐንዲስ እህቴ፣ መሐንዲስ ወንድሜ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ስሙኝ፦ እዚያ የፓተንት ቢሮውን ፈተና ለመፈተን የሚጠየቀው የሳይንስ ወይም የምህንድስና ትምህርት ነው፤ የሕግ ዲግሪ ባይኖራችሁም የፓተንት ወኪል መሆን ትችላላችሁ። ጠበቃ ለመሆን ነው ሕግ ትምህርት ቤት መግባት የሚያስፈልገው።

እዚህ አገር መነሻችሁ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። ለፈጠራ ፓተንት የ15 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ፈጠራው አገር ውስጥ ሥራ ላይ ከዋለ አምስት ዓመት ይጨመራል። ብዙ ሰው የሚዘለው ግን «አነስተኛ ፈጠራ» የሚለውን ክፍል ነው። የጋራዥ፣ የብረታ ብረትና የምጣድ ሠራተኞቻችን ማሻሻያ ማደሪያው እዚያ ነው፤ ለባለሙያው ማመልከቻውን የሚጽፍለት ሰው ግን ብዙ ጊዜ የለም። የሥራ ያለህ የምትሉ ወጣቶች፣ ይኸው ሥራ!

ዛሬ ማታ ጀምሩት። ቤታችሁ ካለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ አንድ ማሻሻያ አስቡና አዲስ የሆነውን ነገር ብቻ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከዚያ ለጓደኛችሁ ስጡት፤ ቃላችሁን ሳይነካ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሌላ ምጣድ ይሣል። ካመለጣችሁ፣ ያመለጠበትን ቀዳዳ ዝጉና እንደገና ጻፉ።