ጣራ ያላቸው ድልድዮችና የውሃ ወፍጮዎች

ድልድይ ሰውና ከብት ወንዝ እንዲሻገሩበት የሚሠራ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ነገር ግን እንደ ቤት ግድግዳና ጣራ ያለው ድልድይ መኖሩን ብዙዎቻችን አልሰማን ይሆናል። እንዲህ ያለው ድልድይ በአሜሪካ ገጠር ይገኛል፤ አንዳንድ ጊዜም አጠገቡ የውሃ ወፍጮ ይታያል። ዛሬ ቁጥራቸው ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ፣ እየዞሩ የሚጐበኟቸውና ፎቶግራፍ የሚያነሡአቸው ሰዎች አሉ። በዚህ ጽሑፍ ለምን እንደ ተሠሩ፣ በምን ምክንያት እንደሚጠፉ፣ ፎቶግራፍም ምን እንደሚጠቅማቸው እንመለከታለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጣራው ለምን ተሠራ?

ብዙ ሰው ጣራው መንገደኛውን ከዝናብ ለመከለል የተሠራ ይመስለዋል። ዋናው ምክንያት ግን ድልድዩን ራሱን ለመጠበቅ ነው። ድልድዩን የሚሸከሙት ከግራና ከቀኝ በሰያፍ የተጋጠሙ ወፋፍራም እንጨቶች ናቸው። እነዚህ እንጨቶች በዝናብ እየራሱ በፀሐይ እየደረቁ ከቈዩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይበሰብሳሉ፤ ጣራ ካላቸው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሊቈዩ ይችላሉ። የሚረገጠው ሳንቃ ቢያረጅ በቀላሉ ይለወጣል፤ ተሸካሚው እንጨት ቢበሰብስ ግን ድልድዩ ይወድቃል።

በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው የሚባለው ጣራ ያለው ድልድይ በ1805 በፊላዴልፊያ ከተማ የተፈጸመው የቲሞቲ ፓልመር ሥራ ነው። በብርድ ወራት ደግሞ ሰዎች በረዶ እየዛቁ ወደ ድልድዩ ውስጥ ያስገቡ ነበር። ይህም የሚያስገርም ቢመስል ምክንያት አለው፤ በበረዶ ላይ የሚንሸራተተው መንኰራኩር የሌለው ጋሪ በደረቅ ሳንቃ ላይ አይሄድምና ነው።

የውሃ ወፍጮ እንዴት ይሠራል?

ውሃው በአሸንዳ መጥቶ ትልቁን መንኰራኩር ያዞራል፤ መንኰራኩሩም በጥርሳም መዘውሮች አማካይነት የወፍጮውን ድንጋይ ያዞራል። በእኛ የእጅ ወፍጮ መጁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል፤ በዚያኛው ግን የታችኛው ድንጋይ ጸንቶ ተቀምጦ የላይኛው ይዞራል። ድንጋዩ ሲለዝብ ግን እንደ እኛው ወፍጮ ይወቀራል።

በምን ምክንያት ይጠፋሉ?

አንደኛ፤ ብረትና ሲሚንቶ በእንጨት ፈንታ ገቡ፤ ከባድ መኪናም ስለ መጣ ጠባቡ የእንጨት ድልድይ አልበቃ አለ። ሁለተኛ፤ በብረት የሚፈጩ ትላልቅ ፋብሪካዎች ተነሡና የመንደሩ ወፍጮ ሥራ ፈታ። ሦስተኛ፤ ጐርፍና እሳት ያጠፏቸዋል።

በኢንዲያና ክፍለ ግዛት በብሪጅተን መንደር ከወፍጮው አጠገብ በ1868 የተሠራ ድልድይ ነበረ። በ2005 ሰው ሆን ብሎ ባስነሣው እሳት ተቃጠለ፤ በ2006 ግን በምትኩ ሌላ የእንጨት ድልድይ ተሠራ። በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ደግሞ ኒኮላስ ፓወርስ የተባለ አናጢ በ1855 የሠራው የብሌንሃይም ድልድይ ነበረ። ርዝመቱ 70 ሜትር ያህል ሲሆን በመካከሉ ከወንዙ የሚነሣ ምንም ምሰሶ አልነበረውም። ይህ ድልድይ 156 ዓመት ከቆመ በኋላ በነሐሴ 2011 በአይሪን ማዕበል የመጣ ጐርፍ በአንድ ቀን ወሰደው። ሆኖም አስቀድሞ ተለክቶ፣ ንድፉ ተሠርቶ፣ ፎቶግራፉም ተነሥቶ ስለ ነበር፣ መልኩና አሠራሩ አብረው አልጠፉም። በ2018 አምሳያው በዚያው ወንዝ ላይ ቆመ።

በዌስት ቨርጂኒያ የሚገኘውም የግሌድ ክሪክ ወፍጮ ከሦስት አሮጌ ወፍጮዎች በተገኘ ዕቃ በ1976 የተሠራ ነው። ጐብኚዎች ዘወትር ፎቶግራፍ የሚያነሡት ይህ ወፍጮ፣ የሌሎቹ ቅሪት መሆኑን የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው።

ፎቶግራፉ እንዴት ይነሣ?

ከዚህ እንደምንረዳው ለመልኩ ብቻ የተነሣ ፎቶግራፍ ዐይንን ደስ ያሰኛል፤ አሠራሩን የሚያሳይ ግን ለአናጢው መምሪያ ይሆነዋል። ስለዚህ፤

1ኛ/ ከሩቅ አንድ ጊዜ ካነሡ በኋላ፣ ከጐን፣ ከሥርና ከውስጥም ማንሣት ይገባል።
2ኛ/ እንጨት ከእንጨት የሚጋጠምበትን ቦታ ቀርቦ ማንሣት ያስፈልጋል።
3ኛ/ መጠኑ እንዲታወቅ ርዝመቱ የታወቀ በትር በአጠገቡ ማቆም ይጠቅማል።
4ኛ/ የድልድዩ ውስጥ ጨለማ ስለ ሆነ ብርሃኑ ቀስ ብሎ እንዲገባ መሣሪያውን ሳይነቃነቅ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ማስቀመጥ ይገባል።
5ኛ/ ቦታውንና ቀኑን መጻፍ ግድ ነው፤ ይህ የሌለው ፎቶግራፍ ስም እንደሌለው ደብዳቤ ነው።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፣ በየአገራችሁ ያለውን የድንጋይ ድልድይ፣ የእጅ ወፍጮና አሮጌ ቤት ዕረፍት ወጥታችሁ ስትሄዱ ተመልከቱ። በእጅ ስልክም ቢሆን በጥንቃቄ አንሡት፤ አሠራሩን የሚያውቁትን አባቶችና እናቶችም በሕይወት ሳሉ ጠይቁ። ጐርፍ ቀጠሮ አይሰጥምና።