ከጥልቅ ኦብጀክት ወደ ጠፍጣፋ ሪፖርት፦ «ደምበጫ» በፕሮግራም ውስጥ

ለመሆኑ «ደምበጫ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ከተማ ነው ወይስ በዚሁ ስም የሚጠራውን ወረዳ? ሰው ከንግግሩ አካሄድ ይለየዋል፤ ኮምፒዩተር ግን ካልተነገረው አይለየውም። በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው መረጃ ከአንድ ቅርጽ ወደ ሌላ ሲዛወር ትርጉሙን እንዳያጣ የሚደረግበትን ዘዴ እንመለከታለን።

ጥልቅ ኦብጀክት

በጃቫ ወይም በሲ ሻርፕ ስንጽፍ መረጃን በኦብጀክት እንወክላለን። የአንድ ጤና ኬላ ኦብጀክት በውስጡ ቀበሌን ይይዛል፤ ቀበሌው ወረዳን፣ ወረዳው ዞንን፣ ዞኑም ክልልን። የዞኑን ስም ስንፈልግ «ኬላ.ቀበሌ.ወረዳ.ዞን.ስም» እያልን ደረጃ በደረጃ እንጓዛለን። የዚህ አወቃቀር ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ «ምዕራብ ጎጃም» የሚለው ስም አንድ ቦታ ብቻ ስለሚቀመጥ እርማቱም አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል።

ለምን እናጠፈጥፈዋለን?

ሪፖርቱ በኔትወርክ ሲላክ ተቀባዩ የሚፈልገው ጥቂት ስሞችንና ቁጥሮችን ብቻ ነው። እያንዳንዱን ደረጃ በተለየ ጥያቄ ማምጣት ደግሞ በደካማ መስመር ላይ ጊዜ ይፈጃል። ማርቲን ፋውለር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው መጽሐፍ የመረጃ ማስተላለፊያ ኦብጀክትን፣ በአጭሩ ዲቲኦን፣ የገለጸው የጥሪዎችን ብዛት የሚቀንስ ዘዴ አድርጎ ነው። ዝውውሩ ይህን ይመስላል፦

ሪፖርት.ቀበሌ_ስም = ኬላ.ቀበሌ.ስም
ሪፖርት.ወረዳ_ስም = ኬላ.ቀበሌ.ወረዳ.ስም
ሪፖርት.ወረዳ_መለያ = ኬላ.ቀበሌ.ወረዳ.መለያ

በሲ ሻርፕ አውቶማፐር፣ በጃቫ ማፕስትራክት የተባሉት መሣሪያዎች ይህን ሥራ ያቃልሉልናል።

ሦስት ጥንቃቄዎች

አንደኛ፣ የጠፍጣፋው መስክ ስም የመጣበትን መንገድ ሊያሳይ ይገባል። «ስም» ብቻ ብንለው ከተማውና ወረዳው ይደባለቃሉ፤ ለአንዱ የታሰበ የወባ መድኃኒትም በሌላው ሊቆጠር ይችላል። ከስሙ ጋር መለያ ቁጥሩን የምንልከውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰንሰለቱ መካከል ላይ ሊበጠስ ይችላል። ቀበሌው ገና ወረዳ ካልተመደበለት «ወረዳ.ስም» የሚለው ትእዛዝ ፕሮግራሙን ያቆመዋል። ስሕተቱን ሸፍነን ባዶ ቦታ ብንልክ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ ሪፖርቱ ደርሶ ሳለ በየትኛውም ወረዳ ድምር ውስጥ አይገባምና።

ሦስተኛ፣ ዝርዝር ሲጠፈጠፍ ይባዛል። አንድ ታማሚ ጤና ኬላውን ሦስት ጊዜ ቢጎበኝ ሦስት ረድፍ ይወጣል። ረድፎቹን ቆጥረን «ሦስት ታማሚዎች» ብንል ተሳስተናል፤ መቁጠር ያለብን ያልተደጋገሙትን የታማሚ መለያዎች ነው።

በአገራችን የሚሠራበት ምሳሌ

የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ለጤና መረጃ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የተሰኘው ሥርዓት በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚበለጽግ ሲሆን በጃቫ የተጻፈ ነው። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ተቋም ከበላዩ ያለውን ያመለክታል፤ ይህ ጥልቁ ቅርጽ ነው። ለትንተና ግን ሥርዓቱ እያንዳንዱን ደረጃ በየራሱ ዓምድ የሚያስቀምጥ ጠፍጣፋ ሰንጠረዥ ያዘጋጃል። በዚህም የአንድን ዞን ድምር ለማውጣት ሰንሰለቱን ደጋግሞ መውጣት አያስፈልግም። አንድ ወረዳ ለሁለት ሲከፈል የሚታረመው ጥልቁ ቅርጽ ነው፤ ጠፍጣፋው ሰንጠረዥ ከእርሱ እንደገና ይሠራል።

ከዚህ የምንረዳው ጠፍጣፋው ቅጂ፣ ጥልቁ ደግሞ ምንጭ መሆኑን ነው። ስለዚህ ከሪፖርት የመጣ «ወረዳ_ስም» የወረዳውን ዋና መዝገብ እንዲለውጥ መፍቀድ የለብንም።

መልመጃ፦ የተማሪን የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም እንዲሁም የትምህርት ቤቱን ወረዳ የሚይዝ ጥልቅ ኦብጀክት ንደፉ፤ ቀጥሎም ወደ ጠፍጣፋ ዲቲኦ አዛውሩት። የአያቱ ስም ያልተመዘገበለት ተማሪ ቢያጋጥማችሁ ፕሮግራማችሁ ምን ያደርጋል?