ከሩቅ ስለ ማስተማር ልምምድ

አናጢ በእንጨት ላይ፣ ሸማኔ በክር ላይ ይለማመዳል፤ ዕጩ መምህር ግን የሚለማመደው በሕያው ተማሪ ላይ ነው። ታዲያ ተማሪው በሌላ አገር ቢሆንና የሚያገናኛቸው የኮምፒዩተር መስኮት ብቻ ቢሆንስ መማር ማስተማሩ እንዴት ይሆናል? እኔም ትምህርቴን ስጨርስ መምህርነትን ለማጥናት ስለማስብ፣ በዚህ ጥያቄ ላይ የደረስኩበትን በአጭሩ አቀርባለሁ።

ለመሆኑ ይህ ልምምድ ምንድር ነው? በአንድ አገር የሚሠለጥን ዕጩ መምህር በኢንተርኔት አማካይነት ለሌላ አገር ተማሪዎች ያስተምራል፤ ነባር መምህርም እየተመለከተ ያርመዋል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ በአገራችን ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት 7 ቀን ጀምሮ እንደ ተዘጉ ሁሉ፣ በሌላውም ዓለም ተዘግተው ስለ ነበር፣ ዕጩ መምህራን የሚለማመዱበት ክፍል አጡ፤ ብዙዎችም በኢንተርኔት ወደ ማስተማር ዞሩ።

ለእኛ አገር ግን ከባሕር ማዶ የመጣ መምህር እንግዳ ነገር አይደለም። በ1954 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት መጥተው፣ አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደየክፍላተ ሀገሩ ይወጡ ነበርና ብዙዎቹ የተመደቡት በመምህርነት ነው። እነዚህ ሁሉ ግን በአካል ተገኝተው ስለሚያስተምሩ፣ ተማሪው ግራ ሲገባው ከፊቱ ያነቡ ነበር።

መምህሩ ቀርቶ ምስሉና ድምፁ ብቻ የመጣው በ1997 ዓ.ም. ገደማ ነው። በደቡብ አፍሪካ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ ለ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ይሰጥ ጀመር፤ ሕዝቡም «ፕላዝማ» አለው። በዚያ ዘመን የተማረው አጎቴ፣ «መምህሯ ትጠይቃለች፤ እኛ ጥያቄውን ገና ስንተረጉም መልሱን ራሷ ትነግረናለች» ይለኛል። በእኛ በምዕራብ ሸዋ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ በ9ኛ ክፍል ወደ እንግሊዝኛ ስለሚሸጋገር፣ ችግሩ እጥፍ ነበር። በክፍሉ ያለው መምህር «እባክሽ ቆዪ» ሊላት አይችልም። እንግዲህ እኔ እንደማየው ትልቁ ጉድለት የመምህሯ መራቅ ሳይሆን መጠበቅ አለመቻሏ ነው።

በዚህ ረገድ አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮ ያገኘችው ነገር ያስደንቃል። መምህራን ጥያቄ ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ወደ 3 ሰከንድ ሲያደርሱት ግን የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ።

እኔም በትንሹ ሞከርኩት። በጌዶ ያለች የአክስቴ ልጅ ለ8ኛ ክፍል ፈተና ስትዘጋጅ፣ ከአምቦ ሆኜ በስልክ ሒሳብ አስጠናት ጀመር። ሁለት ሳምንት ሙሉ «ገባሽ?» እላታለሁ፤ «አዎ፣ ገባኝ» ትለኛለች፤ እኔም ጥሩ አስተማሪ የሆንኩ መሰለኝ። ከዚያም ስለ 3ቱ ሰከንድ ካነበብኩ በኋላ እንዲህ ስል ጠየቅኋት፤ «240 ብር የሚሸጥ ጫማ 15 ከመቶ ቢቀነስለት ስንት ይሆናል? እንዴት እንዳሰብሽውም ንገሪኝ»። ዝም ብዬ በልቤ ቈጠርኩ። ስልኩ የተቋረጠ መስሏት «አለህ?» አለችኝ። «አለሁ፣ እየጠበቅሁ ነው» አልኋት። በመጨረሻ «225» አለች። ለካ 15 ከመቶን 15 ብር አድርጋው ኖሯል! መልሱ ከ240 ላይ 36 ተቀንሶ 204 መሆኑን ያስረዳኋት ከዚያ በኋላ ነው። ለምን አልገባኝም እንዳላለችኝ ብጠይቃት፣ «ታላቄን አልገባኝም ማለት አፈርኩ» አለችኝ። በዚያ ቀን ያፈርኩት ግን እኔ ነኝ። አጠገቤ ብትሆን ኖሮ ከፊቷ ባወቅሁት ነበር።

ከዚህ ሁሉ ለዕጩ መምህር የሚጠቅሙ ሦስት ነጥቦችን አወጣሁ። አንደኛ፣ ፊት በማይታይበት ስፍራ «ገባችሁ?» ማለት አይበቃም፤ ተማሪው ያሰበውን በራሱ ቃል እንዲናገር ጠይቆ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የሌላውን ልማድ ማወቅ ይገባል፤ እኛ «ጠዋት 2 ሰዓት» የምንለውን ሌላው ዓለም 8 ሰዓት ይለዋልና፣ ቀጠሮ ሲያዝ በማን ሰዓት እንደሆነ መነጋገር ነው። ሦስተኛ፣ መስመር ሊቋረጥ ይችላል፤ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ በመላ አገራችን ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት ቆይቷል። ስለዚህ ትምህርቱን በጽሑፍም አዘጋጅቶ አስቀድሞ መላክ ብልኅነት ነው።

ወላጆቼ መምህርነት እንጀራው ቀጭን ነው እያሉ ይመክሩኛል፤ ምክራቸውንም አልንቅም። ነገር ግን የአክስቴ ልጅ አሁን ያልገባትን «አልገባኝም፣ ድገምልኝ» ትለኛለች። ይህን ቃል ከሰማሁ ወዲህ ሐሳቤ ጸንቷል። እናንተም ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ታናናሾቻችሁን ስታስጠኑ ጠይቃችሁ እስከ ሦስት እንድትቈጥሩ አደራ እላለሁ።