የአንድ ሳምንት የእግር ጉዞ በካፋ

ባሕር ባላቸው አገሮች ተማሪዎች ዕረፍታቸውን በጀልባ ሸራ ዘርግተው ጠረፍ ለጠረፍ ሲጓዙ ያሳልፋሉ። እኛ በካፋ የምንጓዘው በደን ውስጥ፣ በእግራችን ነው፤ ቢሆንም የማኅበር ጉዞ መሰናዶው ያው ነው።

በመጀመሪያ ወራቱ ይመረጥ። ካፋ ዝናብ የሚበዛበት አገር ስለሆነ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ያኔም ቢሆን የዝናብ ልብስ ከቤት አይቀርም። ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል እስከ ቦንጋ 460 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለመሄጃና ለመመለሻ ሁለት ቀን ሲቀነስ ለእግር የሚተርፈው አምስት ቀን ብቻ ነው። የባርታ ፏፏቴ፣ የእግዜር ድልድይ የሚባለው የተፈጥሮ ድንጋይ፣ የማንኪራ የጫካ ቡና፤ ከዚህ በላይ መመኘት ስስት ይመስለኛል። ደኑ በ2002 ዓ. ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ ስለሆነ ለእሳት ብሎ ቅርንጫፍ መቁረጥ አይገባም፤ በሶና ዳቦ ቆሎ ይበቃል። የጋራው ገንዘብም አውቶቡስ ሳይሳፈሩ በአንድ ሰው እጅ ይግባ።

የሚያስቸግረው ግን ከመንገዱ ይልቅ ሰው ነው። አምና ስምንት ሆነን ስንወጣ ቀኑን የከፈልነው በፈጣኖቹ እግር ልክ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዱ ጓደኛችን ጫማው እግሩን ልጦት ወደ ኋላ ቀረ፤ እኛም ሳንቆጣጠር ቀጠልን። እሱ ያን ሌሊት ቆጮና ቡና ቀርቦለት ያደረው ከማያውቃቸው እናት ቤት ነው። በማግሥቱ ስንገናኝ አለማኩረፉ ይበልጥ አሳፈረን።

ስለዚህ የቀኑ መንገድ በዘገምተኛው እርምጃ ይለካ፤ የአገሩ ተወላጅ መንገድ መሪ ከፊት ይሂድ፤ ከመካከላችን አንዱ ደግሞ ከሁሉ ኋላ ይሁን። ዘንድሮ ከኋላ የምሄደው እኔ ነኝ።