ራሱን በራሱ በሚመራ መሣሪያ ውስጥ ስሕተትን ስለ መከታተል

የወይና ደጋውና የአፋር ቆላ ሰው በሚገናኝበት በባቲ የሰኞ ገበያ፣ እህል ገዢው ነጋዴ ሚዛኑን የተጠራጠረ እንደሆነ ጆንያውን ወደ ሌላ ሚዛን ወስዶ ዳግመኛ ያስመዝናል። ሁለቱ ከተስማሙ ሒሳቡን ይከፍላል፤ ካልተስማሙ ግን ስሕተቱ በየትኛው እንደሆነ ሳያጣራ ገንዘቡን ከኪሱ አያወጣም። ይህ ልማድ ራሳቸውን በራሳቸው ለሚመሩ መሣሪያዎችም የሚያገለግል ትምህርት ነው።

እንዲህ ያለው መሣሪያ ሦስት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ሙቀትን፣ ክብደትን ወይም ሌላ ነገርን የሚለካው ሴንሰር ነው። ሁለተኛው የሴንሰሩን ምልክት ተቀብሎ የሚያሰላው ኮምፒዩተር ነው። ሦስተኛው ትእዛዙን የሚፈጽመው ሞተር ነው። በሚዛን ጊዜ ቁጥሩን አይቶ የሚወስነው ሰው ነው፤ በዚህ ግን ወሳኙ መሣሪያው ራሱ ስለሆነ፣ ሴንሰሩ ሐሰት የነገረው እንደሆነ ኮምፒዩተሩ በሐሰት ይፈርዳል፤ ሞተሩም ፍርዱን ሳይጠይቅ ይፈጽማል። መሣሪያው ሲቆም ስሕተቱ አብሮ ስለሚሰወር፣ ምልክቱ በሥራ ላይ ሳለ ከነሰዓቱ ሊመዘገብ ይገባል።

የዚህ ነገር ክብደት በአገራችን በመሪር ኀዘን ታውቋል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ/ም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ሲሆን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ወዲያው አውሮፕላኑ ነፋሱን የሚገጥምበትን ማዕዘን ከሚለኩት ሁለት ሴንሰሮች የግራው 74.5 ዲግሪ አመለከተ፤ የቀኙ ግን ከ15.3 አላለፈም። ኤምካስ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት የሚሰማው አንዱን ብቻ ስለነበረ፣ አፍንጫው ከልክ በላይ የቀና መስሎት ደጋግሞ ወደ ምድር አዘነበለው። በ6 ደቂቃ ውስጥ 157 ሰዎች አለቁ። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ/ም በኢንዶኔዥያ በተመሳሳይ አኳኋን 189 ሰዎች ሞተው ነበር።

ይህ ሊታወቅ የቻለው የሁለቱ ሴንሰሮች ምልክት በበረራ መመዝገቢያው ከነጊዜው ተጽፎ ስለተገኘ ነው። የግራው ሴንሰር ስለ ምን እንደ ተበላሸ መርማሪዎች አልተስማሙም፤ የኢትዮጵያዎቹ የኤሌክትሪክ ጉድለት ነው ሲሉ፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ ባልደረቦቻቸው ወፍ መትቶት ነው ብለዋል። ሐሰተኛው ምልክት በየት አልፎ ምን እንዳደረገ ግን መዝገቡ በግልጽ አሳይቷል። ስለዚህ ሥርዓቱ ሁለቱን ሴንሰሮች እንዲያስተያይና ልዩነታቸው ከ5.5 ዲግሪ ሲበልጥ ከሥራው እንዲታቀብ ሆኖ ታረመ፤ አየር መንገዱም ጥር 24 ቀን 2014 ዓ/ም ይህንኑ ዓይነት አውሮፕላን ወደ ሥራ መለሰ።

እንግዲህ ማቀዝቀዣ፣ የውሃ ፓምፕ ወይም የኤሌክትሪክ ሚዛን ያለው ነጋዴ የሚከተለውን ያድርግ፦

1ኛ/ ከመሣሪያው ሴንሰር ሌላ ሁለተኛ መለኪያ በአጠገቡ ያኑር።

2ኛ/ የሁለቱን ቁጥር ከነሰዓቱ በደብተር ይጻፍ፤ መብራት የጠፋበትንም ጊዜ ያመልክት።

3ኛ/ ልዩነት ሲያይ ከሴንሰሩ ጀምሮ ሽቦውን፣ ኮምፒዩተሩንና ሞተሩን በተራ ያስመርምር፤ ባንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አያስለውጥ፤ ሁለቱን ባንድነት ከለወጠ ጥፋቱ የየትኛው እንደ ነበረ ሳያውቅ ይቀራል።

4ኛ/ መሣሪያውን አቁሞ በእጅ የሚሠራበትን መንገድ ሠራተኞቹን አስቀድሞ ያስተምር።

በሸንጎ የአንድ ሰው ቃል ብቻውን ለፍርድ እንደማይበቃ ሁሉ፣ የአንድ ሴንሰር ቃልም ለንብረት፣ ይልቁንም ለሰው ሕይወት፣ አይበቃም።